የደም ማነስ ኪኒኑ ደርሷል፤ ሰዓቱ ግን አልተነገረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ እናቶች ምግብና ጤና በጋዜጦች የሚወጣውን በጥሞና እናነባለን። አብዛኛው ጽሑፍ «እናቶች የተመጣጠነ ምግብ ይመገቡ» ብሎ ያበቃል። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ኪኒኗን በስንት ሰዓት እንደምትውጥ፣ ቡናዋን መቼ እንደምትጠጣ፣ በጾም ቀን ምን ከምን ጋር እንደምትበላ ለምትጠይቅ ነፍሰ ጡር መልስ አይሆናትም። እኛ በቅድመ ወሊድ ክትትልና በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በአገራችን ሴቶችን ደም የሚያሳንሳቸው የእህልና የመድኃኒት እጦት ብቻ አይደለም፤ በእጅ ያለው እህልና መድኃኒትም በማይረባበት ሰዓት ይወሰዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2011 ቁጥሩ 17 በመቶ ነበር። በሶማሌ ክልል በ2016 ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ደም ማነስ ነበረባቸው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በመጨረሻ እርግዝናቸው የብረት ማዕድን ኪኒን የወሰዱት ሴቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ኪኒኑ በነፃ ይሰጣል። ታዲያ በ42 እና በ5 መካከል ያሉት እናቶች የት ቀሩ?

የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊ ግራም የብረት ማዕድንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን የያዘ ነው፤ በቀን አንድ ይዋጣል። ብዙዎቹ እናቶች የሚያቆሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ያቅለሸልሻቸዋል፣ ቃር ይይዛቸዋል፣ ሆድ ይደርቅባቸዋል፣ ሰገራቸው ይጠቁራል። ሰገራው የሚጠቁረው በአንጀት ሳይመጠጥ በቀረው ብረት ነው፤ ጉዳት የለውም። ይህን ኪኒኑ በተሰጠበት ቀን የነገራት ሰው ከሌለ፣ «ሆዴ ውስጥ ደም ፈሰሰ» ብላ ብትጥለው አይፈረድባትም። ብረት በባዶ ሆድ የተሻለ እንደሚመጠጥ እናውቃለን። ሆኖም ለሚያቅለሸልሻት ሴት «በባዶ ሆድ ዋጪው» ማለት «አትዋጪው» የማለት ያህል ነው። ከእራት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል፣ በውኃ ትዋጠው። የማቅለሽለሹ ጊዜ በእንቅልፍ ያልፋል። ለድርቀቱ ብዙ ውኃ፣ ጎመንና የተልባ ውኃ ይረዳሉ። አንድ ቀን ከረሳችው በማግስቱ ሁለት አትዋጥ፤ በአንዱ ትቀጥል። የቃር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር፤ አለዚያ ብረቱ ሳይመጠጥ ያልፋል።

ስለ አቀማመጡም እንናገር። ኪኒኑ ተቆጥሮ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥና እንፋሎት በሚመታው ማድ ቤት ሲቀመጥ ይረጥባል፣ ይላላጣል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው፤ ቀለም የተቀባው ኪኒን ለሕፃን ከረሜላ ይመስላል። ብረት ለሕፃን መርዝ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አራት ያህል ፍሬ ከዋጠ የመመረዝ ምልክት ሊታይበት ይችላል፤ አሥር ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ፣ ከልጆች እጅ በራቀ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሕፃን ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ትውከቱን ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በ2016ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ክትትል የጀመሩት ሴቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፎሊክ አሲድ ደግሞ የሚቸኩል መድኃኒት ነው። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ የእናቲቱ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ብዙዋ ሴት በዚያ ቀን ማርገዟን አታውቅም። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይወለዳል፤ እግሩ ሽባ ሊሆን፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊሳነው፣ ጭንቅላቱ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። በአራተኛው ወር የተጀመረ ኪኒን ለእናቲቱ ደም ይጠቅማል፤ ለዚህ ቱቦ ግን ጊዜው አልፏል።

ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበት ቢያንስ ከእርግዝናው አንድ ወር በፊት ነው። ለዚህ የሚመች በር አለን፤ አልተጠቀምንበትም እንጂ። ክንዷ ላይ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጣ የመጣች ሴት፣ ወይም «መርፌውን ላቆም ነው» ያለች ሴት፣ ማርገዝ እንደምትፈልግ በራሷ አንደበት ነግራናለች። ኪኒኑ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ቀን በእጇ ሊገባ ይገባል። ዛሬ ግን የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ይሸኛታል፤ የእርግዝና ክትትል ክፍሉ ከአምስት ወር በኋላ ይቀበላታል። ሁለቱ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ናቸው።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ልጅ የወለደች እናት ደግሞ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከተለመደው አሥር እጥፍ ያህል ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል። ይህን መጠን ለማግኘት የደም ማነስ ኪኒኑን አሥር አድርጎ መዋጥ ፈጽሞ አይቻልም፤ 600 ሚሊ ግራም ብረት አብሮ ይገባል። ለብቻው የተዘጋጀው የፎሊክ አሲድ ኪኒን በሐኪም ይታዘዝላት።

ስለ ቡና ስንጽፍ ቅር የሚላቸው እንደሚኖሩ እናውቃለን። ቡና ይቅር አንልም፤ ሰዓቱ ይቀየር ነው የምንለው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች በአንጀት ውስጥ ብረቱን ይይዙታል፤ ሻይ ከቡና ይብሳል። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ብረቱን አይነካም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ይጎዳል። የእኛ ልማድ ደግሞ መሶቡ ሲነሳ ረከቦት ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይከተላል። ሦስቱም የምሳውን ብረት ይዘው ይወጣሉ። ቡናው ረፋድ ላይ፣ ከምሳ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢፈላ ወይም ከምሳ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቢሆን ጎረቤትም ይጠራል፣ ዕጣኑም ይጤሳል፣ ደሙም አይጎድልም። ኪኒኑን ማታ የምትውጥ እናት ከእራት በኋላ ሻይ ትተው።

«እኛ ጤፍ ስለምንበላ ደም አያንሰንም» የሚለው አባባልም ሴቶችን ያዘናጋል። በጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ፣ በከብት እግር ሲወቃ፣ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ለሰውነት ብዙም አይጠቅም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በተባለ ንጥረ ነገር ተይዟል። ፋይቴቱን የሚፈታው ማብካት ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ለመቸኮል ሲባል በአንድ ቀን ተነፍቶ የሚጋገረው እንጀራ ግን መልኩ እንጀራ ሆኖ ይህን ጥቅም ያጣል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ውኃው ቢደፋ፣ ወይም በቆልት ቢሆኑ እንደዚሁ ይሻላሉ።

ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ወደ ደም የሚያስገባው ቫይታሚን ሲ ነው። ቫይታሚን ሲ በእሳት ይጠፋል። ስለዚህ ቃሪያው ጥሬውን ይቀንጠስ፣ ቲማቲሙ በሰላጣ መልክ ይቅረብ፣ ሎሚው ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ በሳህን ላይ ይጨመቅ። በምስር ወጥ ላይ የተጨመቀ ግማሽ ሎሚ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ትልቅ ነው። ሥጋ ከተገኘ ጥቂቱም የቀረውን ምግብ ብረት ያነሳሳል። ነፍሰ ጡር ግን በደንብ የበሰለውን ትብላ፤ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ፅንሱን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ ሊያመጣባት ይችላል።

የገበታው ቅደም ተከተል ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በብዙ ቤት አባወራውና እንግዳው፣ ከዚያ ልጆቹ፣ በመጨረሻ እናት ትበላለች። በአንድ ትሪ ስለሚበላ ምን ያህል እንደደረሳት ማንም አይለካም። እሷ ስትቀመጥ እንጀራው አለ፤ ምስሩና ሥጋው ግን አልቋል፤ የቀረው መረቁ ነው። ሆዷ ይሞላል፣ ደሟ አይሞላም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚያስተምሩት መልእክት ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ፣ የምታጠባ እናት ሁለት ተጨማሪ ምግብ ትብላ የሚል ነው። ተጨማሪው ምግብ ከየት እንደሚወጣ ካልተነገረ ግን መልእክቱ አየር ላይ ይቀራል። ቀላሉ መንገድ ወጡ ገና ከድስት ሲወጣ፣ ለማንም ሳይቀርብ፣ የእሷ አንድ ጭልፋ በሌላ ሳህን እንዲቀመጥ ነው። ይህን ማድረግ ያለበት ባል ወይም አማት ነው፤ ለራሷ አስቀድማ ብትቀንስ «ሆዳም» የምትባለው እሷ ናትና። ስለዚህ ትምህርቱ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ መሰጠቱ ስሕተት ይመስለናል።

ተልባ፣ ሙዝና ወተት «ሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል» ተብለው ለነፍሰ ጡር የሚከለከሉበት አካባቢ አለ። ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ቆዳውን የሚጠብቅ የተፈጥሮ ሽፋን ነው፤ እናቱ ከበላችው ጋር ግንኙነት የለውም። «ብዙ ከበላሁ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብኛል» የሚለው ፍርሃት ግን ከልብ የሚታዘንለት ነው፤ ምጥ ጠንቶባት የሞተች ሴት የሚያውቅ ማኅበረሰብ የፈጠረው ፍርሃት ነውና። ምክንያቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ምጥ ከሚጠናባቸው ምክንያቶች ዋናው የዳሌ መጥበብ ሲሆን፣ ዳሌው የሚጠበው ልጅቷ በሕፃንነቷ ስለቀነጨረች ወይም አጥንቷ አድጎ ሳያበቃ ስላረገዘች ነው። በእርግዝናው ወራት ምግብ መቀነስ ዳሌን አያሰፋም፤ ክብደቱ ያነሰ ደካማ ሕፃን ያስወልዳል እንጂ። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ያደረገው ለትምህርቷ ብቻ አይደለም፤ ለአጥንቷም ጭምር ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ተማክራ ጾሙ ሊቀርላት እንደሚችል የቤተ ክርስቲያን አባቶች ያስተምራሉ፤ በእስልምናም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይፈቀድላቸዋል። ያም ሆኖ ብዙ እናቶች ይጾማሉ፤ እናከብራቸዋለን። ለሚጾሙት የምንለው ይህ ነው። የሚከብደው የሥጋና የወተት መቅረት ብቻ አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ እህል መቆየቱም ነው። ቢያንስ የሰዓቱ ጾም ይቅርላት። ገበታዋ ላይ ምስር ወይም ባቄላ፣ ጎመን፣ ጥሬ ቃሪያና ሎሚ አብረው ይኑሩ። እንደ ዐቢይ ጾም 55 ቀን በሚዘልቀው ጾም ኪኒኑን በፍጹም እንዳታቋርጥ፤ ቫይታሚን ቢ 12 ግን ከዕፀዋትም ከዚህ ኪኒንም ስለማይገኝ፣ ጾሙ ሲፈታ እንቁላልና ወተት መጀመሪያ ለእሷ ይድረስ።

አሁን የምንጽፈው ለባልደረቦቻችን ነው። ከፍታ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነቱ ብዙ ሂሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል) ያመርታል። ስለዚህ የላብራቶሪው ቁጥር ከመተርጎሙ በፊት የከፍታው ይቀነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር 1.1፣ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር 1.4፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር 1.8 ግራም በዴሲ ሊትር ይቀነሳል። ለነፍሰ ጡር የደም ማነስ መነሻው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር ከ11 በታች፣ በመካከለኛው ከ10.5 በታች ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚያ በስምንተኛ ወሯ 12.5 የወጣላት እናት «ደምሽ ጥሩ ነው» ተብላ ትሸኛለች፤ 1.8 ሲቀነስ ግን 10.7 ነው፤ ደም ማነስ አለባት። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ወሯ 12 የወጣላትም 1.4 ሲቀነስ 10.6 ይሆናል። ይህች እናት ልትታከም እንጂ በመከላከያው መጠን ልትቀጥል አይገባም።

ሕክምናው በቀን 120 ሚሊ ግራም ብረት፣ ማለትም ሁለት ኪኒን ነው፤ ሂሞግሎቢኑ እስኪስተካከል ድረስ፤ ከዚያ ወደ አንድ ይመለሳል። በአራት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 1 ግራም ካልጨመረ መጀመሪያ በትክክል እየዋጠች መሆኑን፣ ቡናውና ሻዩ መቼ እንደሚጠጡ መጠየቅ፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። በባዶ እግር በሚሠራበት እርጥብ አገር የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ያስወግደዋል። በቆላ ደግሞ ወባ ሳይታከም ብረቱን ብቻ ማከማቸት ዋጋ የለውም። ከወሊድ በኋላም ኪኒኑ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ይቀጥል፤ በወሊድ የፈሰሰው ደም መተካት አለበትና። ገንፎና አጥሚት ለአራስ ጥሩ ናቸው፤ ብረቱን ግን አይተኩም።

የመጨረሻው ጉዳይ በመንግሥትና በፋብሪካዎች እጅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድን ጨምሮ በቫይታሚንና በማዕድን፣ የምግብ ዘይትም በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። በ2023 የዓለም ጤና ጉባኤም የጀርባ ክፍተትን ለመከላከል አገሮች ምግብን እንዲያበለጽጉ ወስኗል። በደረጃው ደስ ብሎናል። ነገር ግን ጤፏን፣ በቆሎዋንና ማሽላዋን በሰፈሯ ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ የገጠር ሴት የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም። ጨው ግን በየቤቱ ይገባል። የጨው አዮዲን ግዴታ ከሆነበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገነባውን የአቅርቦት መስመር ለፎሊክ አሲድም ማዋል ይጠና፤ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የማትመጣውን የገጠር ሴት ከ28 ቀኑ በፊት የሚያገኛት ሌላ መንገድ አይታየንም። እስከዚያው ድረስ አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፣ ፀሐይ አይንካው፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ጤና ጣቢያዎችን የምንጠይቃቸው አዲስ በጀት የማይፈልጉ ሦስት ነገሮች ናቸው። በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የፎሊክ አሲድ ኪኒን ይኑር። መንገዱ ለሚርቅባት እናት በየወሩ 30 ከመስጠት 90 ፍሬ ባንድ ጊዜ፣ ከአወሳሰዱና ከአቀማመጡ ማብራሪያ ጋር ይሰጣት። በሂሞግሎቢን የላብራቶሪ ወረቀት ላይም ከውጤቱ ሥር የተቋሙ ከፍታና ተቀንሶ የተገኘው ቁጥር የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር።

ከአክብሮት ጋር
በቅድመ ወሊድ ክትትልና በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ